ደህና እደሩ የሚሏት ሴት

ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆም ትላለች። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከደረጃው እስከ በራቸው አምፖሉ የተቃጠለ አጭር ኮሪደር አለ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ትቆማለች። ከዚያ ታንኳኳለች። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ እያለ ታንኳኳለች፤ ምክንያቱም የማያውቀው ሰው በገዛ ቁልፉ ከፍቶ ሲገባ አባቷ ይደነግጣል።

"ማነው?" ይላል ከውስጥ።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

በትንኝ ክንፍ ላይ ዶክትሬቷን የሠራች፣ ስንት ምሁር ፊት ቆማ የተናገረች ሴት ለዚች አጭር ጥያቄ መልስ ታጣለች። ደግነቱ ቀን ቀን አባቷን የምትጠብቀው አስታማሚ ትደርስላታለች። "አባባ፣ እንግዳ ነው" ትልና በሩን ትከፍታለች።

አባቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የቀረችውን ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ መንገዱን ያያል። ስትገባ ከወንበሩ ሊነሳ ይሞክራል፤ ሁሉን ቢረሳ ጨዋነቱን አልረሳም።

"ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ከጣቢያው ነው የመጡት?"

"አዎ" ትለዋለች። አይደለም ማለቱን ከተወችው ቆይታለች።

"ልጄን መንገድ ላይ አላዩዋትም? ይቺን የምታክል ናት።" እጁን ከወለሉ አንስቶ ወገቡ ጋ ያቆመዋል። "ነጭ ካልሲ አድርጋለች። መሸ እኮ! መንገድ ብቻዋን አትሻገርም።"

"ትመጣለች።"

"እሷ ሳትመጣ እራት የለም።"

እውነትም የለም። ሳህኑ ይቀርባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይነሳል። እንዲህ እያለ ሰውዬው ከሸሚዙ ውስጥ እየጠፋ ነው፤ አንገትጌው ሰፍቶ አንገቱ እንደ ኤሊ አንገት ብቅ ብሎ ቀርቷል። ሐኪሙ ምሳ ብቻ በልቶ የሚኖር ሽማግሌ ብዙ እንደማይቆይ ነግሯታል። እሷም ትጠብቃለች፤ ከመሞቱ በፊት አንዴ፣ አንዲት ምሽት ብቻ፣ ቀና ብሎ እንዲያያትና የሚጠብቃት ልጅ መጥታ አጠገቡ እንደተቀመጠች እንዲያውቅ። የሚጠብቃት ልጅ እሷ ናትና። ሰው እንዴት ከራሱ ጋር ተፎካክሮ ይሸነፋል? እሷ በየምሽቱ ትሸነፋለች።

ነገሩ የሚጀምረው ጠረጴዛ ሥር ነው።

አባቷ የሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ሠራተኛ ነበር። እናቷ የሞተችው እሷ አፏን ሳትፈታ ስለሆነ፣ ሕፃኗን የሚተውበት ቤት አልነበረውም። እህቱ፣ ማለትም የልጅቷ አክስት፣ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስፌት ላይ ትውላለች። ስለዚህ ልጅቷን ወደ ስቱዲዮ ይዟት ይሄድና ከመቅረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ከተጠቀለሉ ገመዶች መሃል ብርድ ልብስ አንጥፎ ያስተኛታል። ግድግዳው ሁሉ ምንጣፍ የለበሰ ክፍል ነው፤ እዚያ ድምፅ ወድቆ አይነሳም፣ ብትጮህ ጩኸትህ አፍህ ላይ ይሞታል። በዚያ ዝምታ ውስጥ የማይሞት አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከመሣሪያዎቹ ሆድ የሚወጣው፣ ዝቅ ያለው፣ እምምም የሚለው የኤሌክትሪኩ ድምፅ። ሌላው ልጅ በእሹሩሩ ሲተኛ እሷ በእሱ ተኛች።

"ይሰማሻል?" ይላት ነበር አባቷ ጎንበስ ብሎ። "መብራት ባለበት ሁሉ ይሄ አለ። ሰው ስለለመደው አይሰማውም። አንቺ ግን ስሚው።"

ጠዋት ጠዋት ማይክራፎኑን የሚሞክረው በእሷ ነበር። ወንበር ላይ ያቆማትና "አንድ፣ ሁለት በይ" ይላታል። እሷ ቁጥሩን ባዶውን ማለት ስለሰለቻት ዜማ ታለብሰው ጀመር። ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ሆኖ የልጆችን ክፍለ ጊዜ የሚያዘጋጀው ሰው አንድ ቀን ሰማት። የያዘውን ሲጋራ ረስቶ ጣቱን አቃጠለ ይባላል። አባቷ ግን ሲጋራ ስቱዲዮ ውስጥ ክልክል ስለነበር ውሸት ነው ይል ነበር። ብቻ የሆነው ሆኖ ከዚያ ወዲህ ቁጥር ብቻ ስትቆጥር የሰማት የለም።

አባቷ የዘፈን አስተማሪ አልነበረም፤ ድምፅ መቅዳት ነው የሚያውቀው። ድምፅ ቀጂ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠላው ማይክራፎን ላይ እፍ የሚል ዘፋኝ ነው። ስለዚህ ሻማ አብርቶ ከአፏ ፊት ያቆማል። "ዝፈኚ። እሳቱ ግን አይወቅ" ይላታል። ሻማው ከተወዛወዘ እንደገና ነው። ልጅቷ ትንፋሿን እንደ ክር አቅጥና፣ ከዚያም ከክር አቅጥና ማውጣት ተማረች። በመጨረሻ ስትዘፍን እሳቱ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፤ እንደሚያዳምጥ ሰው።

የዘፈነችው ዘፈን የልጆች ክፍለ ጊዜ መዝጊያ ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ነበር። በየምሽቱ፣ ከዜና በፊት፣ የእሷ ድምፅ ይመጣል፤

ጫማችን ይተኛ ከደጃፍ ከበሩ፣
ነገ እንነሳለን፣ በሉ ደህና እደሩ።

አቤት እናቶች እንዴት እንደወደዷት! ፎቶዋ በጋዜጣ ወጣ፤ ነጭ ካልሲ፣ ደረቱ ላይ የተሸበሸበ ቀሚስ፣ ከፊቷ የሚበልጥ ማይክራፎን። ልጆቹ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያውቁት። ዘፈኑ በየመስኮቱ ሲሰማ ኳሱ ይያዛል፣ ገመዱ ይጠቀለላል፣ እናት በረንዳ ላይ ወጥታ "ሰማህ? እሷ እንኳ ተኝታለች፤ ግባ!" ትላለች። በከተማው ሁሉ ጨዋታ የሚያቋርጠው ድምፅ የእሷ ነበር። ልጅ ሆኖ ማን ይወዳታል?

ትምህርት ቤት "ደህና እደሩ" የሚል ስም አወጡላት። ጠዋት ክፍል ስትገባ አንዱ "ደህና እደሩ መጣች!" ሲል ሁሉም ዴስክ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ያንኮራፋል። የሂሳብ አስተማሪው እንኳ አንድ ቀን ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ሰሌዳው ዞሯል። እሷም ሳቀች፤ መሳቅ ይሻላል። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ እርሳስ ትፈልጋለች፤ እርሳሱ እጇ ላይ እያለ።

ከስቱዲዮ ወደ ቤት የሚሄዱት ዘፈኑ ሲተላለፍ ነበር። አባቷ እጇን ይዟት በአስፋልቱ ዳር ይራመዳሉ። ከግራ መስኮት የገዛ ድምፅዋ፣ ከቀኝ መስኮት የገዛ ድምፅዋ፤ ጫማ ከሚጠግነው ሰው ትንሽ ሬዲዮ፣ ከመድኃኒት ቤቱ፣ ከላይ ከታች፣ እሷ እሷን ትከተላታለች። መንገዱ ግን ባዶ ነው። የመጨረሻዋ ልጅ ስትገባ የበሩን ድምፅ ትሰማለች። ሰኞ ማክሰኞው በጠመኔ እንደተሠመረ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ አንድ እግሯን አንስታ ልትዘል ስትል አባቷ "ኧረ ካልሲሽ!" ይላታል።

ልጅ ግን ያድጋል። ይህን ቀድማ ያወቀችው አክስቷ ነበረች፤ የጣቢያውን ቀሚስ የምትሰፋው እሷ ስለሆነች። አባቷ ቀሚሱ በድሮው ልክ እንዲሆን ያዛታል። አክስት መርፌዋን ከንፈሯ ላይ ይዛ ታጉረመርማለች።

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ደረቱ አልገጥም ብሏል።"

"ጠበቅ አድርጊው።"

"ልጅቷን ነው ቀሚሱን ነው የማጠብቀው? ወንድሜ፣ ልጅ ዛፍ ነው እንጂ ፎቶ አይደለም።"

"አንቺ ስፊ።"

"እሰፋለሁ። ሲቀደድ ግን መርፌዬን እንዳትሰድብ።"

የተቀደደው ግን ቀሚሱ ሳይሆን የቴፑ ክር ነበር። ለዓመታት በየምሽቱ እየተሽከረከረ ተልጦ፣ በፕላስተር እየተቀጠለ ኖሮ፣ አንድ ምሽት "በሉ" ካለ በኋላ ተበጠሰና ከተማው ደህና እደሩ ሳይባል አደረ። ጣቢያው በስልክ ተጥለቀለቀ። አለቃው አባቷን ጠርቶ፣ "እንደገና ቅዳ። ያው ድምፅ ይሁን፤ ያው!" አለው። እሷ ያኔ አሥራ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ድምፅዋም ወርዶ፣ ወፍሮ፣ ታች ላይ እንደ ቡናማ ቀለም ያለ ነገር ገብቶበታል።

አባቷ መስታወቱ ወዲህ ቆሞ፣ "ዛሬ ቀስ እያልሽ" አላት። "በጣም ቀስ በይ። ከለመድሽው ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ።" ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ዘፈነች። ቀስ ብላ ስትሄድ የማታውቃቸው ክፍሎች የተከፈቱላት መሰላት፤ ያንን የልጆች ዘፈን የትልቅ ሰው ሐዘን አድርጋ ዘፈነችው። ስትጨርስ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወርድ አጎንብሶ ቆሟል። "ጥሩ ነው" አለ ብቻ።

በማግስቱ ምሽት ዳቦ ልትገዛ ወርዳ ከዳቦ ቤቱ ሬዲዮ ዘፈኑን ሰማችው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጉንጯን የሚቆነጥጧት ዓይነት። ትናንት የዘፈነችው እሷ ናት፤ ይቺ ግን ማን ናት? ዳቦዋን ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች። ምን እንደተደረገ ገብቷታል፤ በዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው ያደገችው። ክሩ ቀስ ብሎ እየተጎተተ ሲቀዳና በወጉ ፍጥነት ሲለቀቅ ድምፅ ይቀጥናል። አባቷ አስቀድሞ አስልቶ፣ ያደገችውን ልጅ ቀድቶ ያላደገችውን አወጣ።

ቤት ስትገባ አልኮል በነካ ጥጥ የመቅረጫ ዕቃ እየጠረገ ነበር።

"አባዬ፣ ያቺ እኔ አይደለሁም።"

"አንቺ ነሽ።"

"አይደለሁም።"

"ሰው የሚፈልገው እንደዚያ ነው የኔ ልጅ።"

"አንተስ?"

ጥጡን ገልብጦ በሌላው ጎኑ መጥረጉን ቀጠለ። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የመለሰላትም ያንን መጥረግ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ አልዘፈነችም። እሱም ዝፈኚ አላላትም። ሬዲዮው ግን ዘፈኑን ለዓመታት አላቋረጠም፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ፀጉሯን ተቆርጣ፣ መነጽር አድርጋም በየምሽቱ አንዲት ልጅ ነጭ ካልሲዋን እንዳደረገች ደህና እደሩ ትላለች።

ወደ ሳይንስ የወሰዳት ምኞት ሳይሆን እንቅልፍ ማጣት ነው። በሴቶች ማደሪያ፣ አንሶላዋ ውስጥ ተሸፋፍና፣ ጆሮዋ ሥር የምትዞረውን ትንኝ ታዳምጥ ነበር። ሌላው ሰው ያጨበጭባል፤ እሷ ግን ድምፁ ዜማ ላይ የቱ ጋ እንዳለ ታውቃለች፤ ዘፈኑ "ከደጃፍ" የሚልበት ቦታ ነው። ሁለተኛ ትንኝ መጣ። እሱ ከፍ ይላል። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ፤ ላይኛው ትንሽ ወረደ፣ ታችኛው ትንሽ ወጣ፤ ሁለቱ እየተፈላለጉ፣ እየተሳሳቱ፣ እየተራረሙ ሄደው ለአንዲት ቅጽበት ተስማሙ። ተነስታ ተቀመጠች። የአልጋ ጎረቤቷ "ምነው፣ ነከሰሽ?" ስትላት "እየዘፈኑ ነው" አለች። ጎረቤቷ ዞራ ተኛች።

ወንዱና ሴቷ ሲገናኙ የክንፋቸውን ድምፅ እንደሚያቀራርቡ ሳይንሱ ያውቀው ነበር፤ እሷ ቆይታ ነው ያነበበችው። ሳታነብ መስማቷ ግን ዕጣዋ ሆነ። ሕይወቷን ሙሉ የሠራችው ይህንኑ ነው፤ ወባ የምታስተላልፈዋ ትንኝ በምን ድምፅ ትጠራለች? ድምፅዋን አስመስሎ የሚጠራ ወጥመድ ቢሠራ ወንዶቹ ይመጡለታል ወይ?

የሥራ ቦታዋ ሠራተኛው ሁሉ "የትንኝ ቤት" የሚለው ነው። ሙቀቱ ጀርባን በላብ ያርሳል፤ በየመደርደሪያው የመረብ ሣጥኖች፣ በሣጥኖቹ ውስጥ በስኳር ውሃ የራሰ ጥጥ፣ ከታች እጭ የሚራወጥባቸው ነጭ ትሪዎች። ወደዚያ የሚገባው በሁለት በር ነው። የመጀመሪያውን ከፍተህ ትገባለህ፣ ትዘጋለህ፤ በሁለቱ በሮች መሃል ሰው ብቻ የሚያስቆም ጨለማ ቦታ አለ፤ ስትወጣም እዚያ ቆመህ፣ ያመለጠ ትንኝ ልብስህ ላይ እንዳለ በባትሪ ታያለህ፤ ከዚያ ነው ሁለተኛው የሚከፈተው። ሌላው ሰው እዚያ ትዕግሥቱ ያልቃል። እሷ ትቆያለች። ባትሪውን አጥፍታ፣ ምንም የማይጠራት ቦታ ላይ፣ ትቆማለች። በገዛ ኮሪደሯም እንዲሁ መቆም የለመደችው ከዚህ ይመስለኛል።

ትንኝን ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚያዛውሩት በአፍ ነው። የመስታወት ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ስስ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ኋላ ወደ አፍ የሚገባ የጎማ ቱቦ። ትስባለህ፤ ትንኟ ትገባለች። አጥብቀህ ከሳብክ ግን እግሯ ይቀራል። አብሯት የሚሠራ ወፍራም፣ ሳቂታ ባለሙያ አለ፤ መጀመሪያ ሲመጣ ትንኞቹን እንደ ቀዝቃዛ መጠጥ ስቦ ስቦ ስለፈጃቸው "ለስላሳ" ብለውታል፤ እስከዛሬም ለስላሳ ነው። እሷ ግን ለሻማው በተማረችው ትንፋሽ ትስባለች። ትንኟ ነፋስ የወሰዳት እንጂ ሰው የያዛት አይመስላትም።

"ድሮ ልጆች ታስተኚ ነበር፣ ዛሬ ትንኝ" ይላታል ለስላሳ። "ዞሮ ዞሮ ማስተኛት ሥራሽ ሆኖ ቀረ።"

"የአንተ ደግሞ ለሞት ማድረስ።"

ይሳሳቃሉ። ምሳ ሰዓት ሲሆን እሱ ሚስቱ ጋ ይደውላል፤ እሷ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ጓንቷን ታወልቃለች፣ መልሳ ታደርጋለች።

አንድ ጊዜ ትልቅ ስብሰባ ላይ ወጥመዷን አሳየች። ትንሽ ሣጥን ናት፤ የሴት ትንኝ ድምፅ ታሰማለች፤ ወንዶቹ ሲጎርፉ በምስል አሳየቻቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ገብቷቸዋል አለች በልቧ። ጥያቄ ሲባል አንድ ሽበታም ሰው ተነሳ።

"ጥያቄ የለኝም" አለ። "ልመና ነው ያለኝ። እስቲ ያቺን ደህና እደሩ…"

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። መብራቱ ፊቷ ላይ ስለነበር ማንንም አላየችም። "ድምፄን ትንኞቹ ወስደውታል" አለችና አሳቀቻቸው። ስለ ወጥመዱ ማንም ሳይጠይቃት ወረደች።

አክስቷ ከሞተች በኋላ አባቷ የሚያውቃት ሰው እሷ ብቻ ሆነች፤ ቀስ በቀስ ደግሞ እሱ እሷን ማወቅ አቆመ። መጀመሪያ የሥራዋን ነገር ረሳ። ከዚያ መነጽሯን፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲውን። ዓመቶቹ ከላይ ወደ ታች እየተላጡ ሄደው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ትዝታው እዚያ ላይ ጠንካራ ነበር።

አስታማሚዋ ቅን ሰው ናት። ሰውዬው እራት እንቢ ሲል ዘፈኑን ከስልኳ ላይ ፈልጋ ከፈተችለት። ከዚያ አንድ ቀን እንዲህ አለቻት፤

"እትዬ፣ ዘፈኑን ስከፍትላቸው ፊታቸው ይበራል። ያልቅና ግን ይብስባቸዋል። 'ይኸው ድምፅዋ፣ ደርሳለች፣ በር ክፈቱላት' ይሉኛል። ትናንት ጫማ አድርገው ሊወርዱ ነበር። ልተወው እንዴ?"

"ላኪልኝ" አለቻት። "ዘፈኑን ለእኔ ላኪልኝ።" ለምን እንዳለች እሷም አታውቅም። ከዳቦ ቤቱ ወዲህ ሰምታው አታውቅም ነበር፤ ሲጀምር ከክፍል ትወጣለች፣ ታክሲ ውስጥ ከሆነች ትወርዳለች።

በማግስቱ የትንኝ ቤት ውስጥ የተቀዱ የክንፍ ድምፆች ኮምፒውተሯ ላይ እያዘገየች ታዳምጥ ነበር። የዘወትር ሥራዋ ነው፤ ክንፍ ስለሚፈጥን፣ የሁለቱ ድምፅ እንዴት እንደሚቀራረብ በደንብ የሚሰማው ሲዘገይ ነው። ድምፅን ማዘግየት። እጇ ማውሱ ላይ ቆመ። ስንት ዓመት በየቀኑ ስታደርገው የኖረችውን ነገር ያኔ ያየችው መሰላት።

ዘፈኑን ከስልኳ ወደ ኮምፒውተሩ አዛወረችው። ስንት ያህል ታዘግየው? አባቷ ልኩን አልነገራትም። ማዳመጫውን አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ቀጭኗ ልጅ ዘፈነች። ከልጅቷ ኋላ ደግሞ፣ በጣም ከኋላ፣ እምምም የሚል ነገር አለ። የስቱዲዮው ኤሌክትሪክ! እሱም ከሷ ጋር ፈጥኖ ቀጥኗል። መብራት ባለበት ሁሉ ያው ነው ተብላ ነበር። ከጀርባዋ የትንኝ ቤቱ የናሙና ማቀዝቀዣ ይኸው ያንኑ ይላል። ዘፈኑን ዝቅ አደረገችው፣ ጥቂት ዝቅ፣ ገና ነው፣ ጥቂት፤ ከዘፈኑ ኋላ ያለው እምምምታና የማቀዝቀዣው እምምምታ እየተፈላለጉ፣ እየተሳሳቱ፣ እየተራረሙ መጥተው አንድ ሆኑ።

እዚያ ላይ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ዘፈነች።

ለስላሳ ገብቶ ሲያያት "ምነው፣ ዓይንሽን ነከሰሽ?" አላት። እጇን አወዛውዛ አስወጣችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ደረሰች። ደረጃው ጫፍ ላይ አልቆመችም። አባቷ በሸሚዙ፣ በመስኮቱ ነው። "ከጣቢያው ነው የመጡት?" አላት። "አዎ፤ የሚያዳምጡት ነገር አምጥቻለሁ" አለችው። የድሮውን ትልቁን ማዳመጫ ከቁም ሣጥን አወጣች፤ ጆሮው ላይ ስታደርግለት ያለ ማንም እገዛ እጁ ተነስቶ እንደ ጥንቱ አስተካከለው።

ዘፈኑ ጀመረ። እሷ አትሰማውም፤ የምታየው የአባቷን ጣቶች ነው። ጠረጴዛው ላይ የሌለ ቁልፍ ያዙ። ትንሽ ዞሩ። ከዚያ ቆሙ።

"ይሄ አልተላለፈም" አለ።

"አልተላለፈም።"

"ከየት አገኙት? ይሄን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። መስታወቱ ወዲህ እኔ፣ መስታወቱ ወዲያ እሷ።" አዳመጠ። "ታች ላይ ሰማሽ? ታች ላይ ወፍሯል።" ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጫን አደረገው፤ ፊቱ ላይ ወሬ እንደሰማ ሰው ያለ መደነቅ መጣ። "አድጋለች እኮ!"

"አድጋለች" አለች። ትንፋሿ ሻማ አያወዛውዝም ነበር።

"ያን ዕለትም ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬ ነገረኝ። እጄ እንቢ አለ።"

ዘፈኑ አለቀ። ማዳመጫውን አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ መንገዱን ለረጅም ጊዜ አየ። አስታማሚዋ ኩሽና በር ላይ ሳህን ይዛ ቆማለች፤ ለመግባት አልደፈረችም።

"እንግዲህ ይህን ያህል ካደገች፣ መንገዱን ብቻዋን ትሻገራለች" አለ።

"ትሻገራለች።"

"መጋረጃውን ዝጊው በይ፣ ብርድ ይገባል።" ተነስታ ዘጋችው። "አንቺ ታውቂያታለሽ?"

"አውቃታለሁ።"

"ትዘፍናለች?"

"ትታለች።"

አንገቱን ነቀነቀ፤ ለምን አላለም። "ታዲያ ምን ትሠራለች?"

"ትንኝ ታዳምጣለች።"

"ምን?"

"ትንኝ። ወንዱና ሴቷ ክንፋቸው አንድ ድምፅ እስኪሆን ይፈላለጋሉ። እሷ ያን ትሰማለች።"

"በመሣሪያ?"

"መሣሪያም አለ። በጆሮዋ ግን ቀድማ ትሰማዋለች።"

ሳቀ። ሳቁ ከሸሚዙ ውስጥ፣ ከሩቅ መጣ፤ አስታማሚዋ ሳህኑን ልትጥለው ነበር። "ትንኝ!" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "ትንኝ ታዳምጣለች! እንግዲያስ የኔ ልጅ ናት።" ከዚያ ወደ ኩሽናው ዞሮ፣ "አንቺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? እራት አይቀርብም እንዴ? ለዚች ሴትዮም ጨምሪ፤ ፊቷን አላየሽም፣ ሳትበላ ነው የዋለችው" አላት።

በላ። ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ በላ። እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች አየችው። ቀና ብሎ ያያት ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ጨው አቀብዪኝ አላት፣ አቀበለችው።

በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ አንኳኳች።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"ትንኝ የማዳምጠዋ" አለች።

ከውስጥ የወንበር መንቀሳቀስ፣ ከዚያ የሚጎተት እግር፣ እጀታውን የሚፈልግ እጅ ተሰማ። በሩን የከፈተላት ራሱ ነው።

"ግቢ፣ ግቢ" አለ አባቷ። "የኔም ልጅ እሱኑ ነው አሉ የምትሠራው። ትተዋወቃላችሁ?"

"እየተዋወቅን ነው" አለችው፤ ገባች።